አንድ ካርድ፣ ሦስት ታሮት፦ ለፍቅር፣ ለሥራና ለገንዘብ ጥያቄ የትኛውን ልግዛ?

አንዲት ጓደኛዬ ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ እያለች ወር ሙሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። አንድ ቀን ማታ በስጦታ ያገኘችውን ታሮት (ዕድል ማያ የሚሉትን ባለ ሥዕል ካርታ) አወጣች። በወዘችና አንድ ካርድ ሳበች። ስምንት ዋንጫ ወጣላት። ትርጉሙን ስልኳ ላይ ፈለገች። «ትቶ መሄድ፣ ጀርባ መስጠት» ይላል። ካርዱን ደግማ አየችውና ደወለችልኝ። «የሚሄደው ሰውዬ የታለ? የኔ ላይ ያለው ዋንጫና አበባ ብቻ ነው!»

እውነቷን ነው። በእጇ የያዘችው የማርሴይ ታሮት ነበር። ስልኳ ላይ ያነበበችው ትርጉም ደግሞ የሌላ ታሮት ነው። እዚያኛው ላይ ቀይ ካባ የለበሰ ሰው ዋንጫዎቹን ትቶ ወደ ተራራ ይሄዳል። የሷ ካርድ ላይ ማንም የትም አይሄድም። እንዲያውም ብዙ የማርሴይ አንባቢዎች ይህንን ካርድ «ልብ ሞላ» ብለው ነው የሚያነቡት። አንዱ «ልቀቂ» ሲላት ሌላው «ሞልቶልሻል» ይላታል። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ በቦርሳዋ ለያዘች ሴት ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

«ታሮት ልጀምር ነው፣ የቱን ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ከዚህ ታሪክ ይጀምራል። ገበያ ላይ ያለው ዓይነት ስፍር ቁጥር የለውም። የድመት አለ፣ የመልአክ አለ፣ የቡና አለ። አብዛኞቹ ግን ሲመረመሩ የሦስት ቤት ልጆች ናቸው፦ የማርሴይ፣ የራይደርና የቶት። ስለዚህ ሦስቱን ወላጆች ላወዳድር። ሁሉንም የምፈትናቸውም በዚያው በጓደኛዬ ካርድ፣ በስምንት ዋንጫ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

አቋሜን ልናገር። ታሮት የነገን ያውቃል ብዬ አላምንም። ለኔ ጥያቄ ማውጫ ነው። ሥዕሉን አይታችሁ የምትናገሩት ነገር ውስጣችሁ የነበረውን ያሳያችኋል፣ ከዚያ አያልፍም።

ጥንትም ቢሆን ለጥንቆላ አልተሠራም። የተፈጠረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ነው፤ የሚላን መሳፍንት ሳይቀሩ የሚጫወቱበት ካርታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1781 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ «ይህ የጥንት ግብጽ ካህናት ምስጢር ነው» ብሎ ጻፈ። ማስረጃ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ አልዬት የሚባል፣ የራሱን ስም ከኋላ ወደ ፊት አንብቦ «ኤቴያ» የተሰኘ ሌላ ፈረንሳዊ በካርዱ ዕድል ማየትን ሙያ አደረገው። የሚያስቀው፣ ግብጽ በነገሩ ውስጥ እውነትም አለችበት። ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲምና በትር የሚሉት አራቱ ምድቦች በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የገቡት ማምሉክ የተባሉ ሱልጣኖች ይገዟት ከነበረችው ግብጽ በመጣ ካርታ ነው። ያመጣቸው ግን ካህን ሳይሆን ካርታ ተጫዋች ነው።

ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት አንባቢ ይኖራል። ዘዳግም ምዕራፍ 18 ግልጽ ነው፤ በእስልምናም በዕጣ ጥንቆላ የተከለከለ ነው። እዚህ ላይ ማንበብ ቢያቆም አልቀየምም።

ሌላው ለመንገደኛ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያና በኤምሬትስ ጥንቆላ በሕግ ያስቀጣል። እዚያ ለምትሠሩ ወይም በዚያ ለምታልፉ፣ ታሮት በሻንጣ ይዞ መግባት ጣጣ ነው። «ለጨዋታ ነው» የሚለው ማስረዳት ጉምሩክ ፊት ላይሠራ ይችላል።

በምን እንመዝን?

ዋናው መመዘኛ ታናናሾቹ ካርዶች ናቸው። አንድ ታሮት 78 ካርድ አለው። 22ቱ «ታላላቅ» የሚባሉት ናቸው፦ ሞኙ፣ ግንቡ፣ ሞት፣ ፀሐይ እና ሌሎቹ። 56ቱ ታናናሾች በአራት ምድብ የተከፈሉ ናቸው። ሻጭ ሁልጊዜ የሚያሳያችሁ ታላላቆቹን ነው፣ ያምራሉና። በታላላቆቹ ግን ሦስቱ ታሮቶች ዘመዳሞች ናቸው። ሞት በሦስቱም አፅም ነው፤ ግንቡም በሦስቱም ይፈርሳል። ልዩነቱ የሚወጣው በ56ቱ ላይ ነው። ደግሞ አስር ካርድ ብትስቡ በአማካይ ሰባቱ ከነዚህ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይን አይታችሁ አትግዙ። «ስምንት ዋንጫን አሳየኝ፣ አምስት ሳንቲምን አሳየኝ» በሉ።

ሁለተኛው፣ ካርዱ ከጉዳይ ወደ ጉዳይ ይዞራል ወይ? የፍቅር ጥያቄ ላይ የተናገረ ካርድ የገንዘብ ጥያቄ ላይ አፉን የሚይዝ ከሆነ ግማሽ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው፣ ለመማር ምን ያህል ጊዜ ይበላል፣ መማሪያውስ ይገኛል? አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ያስፈራራል? ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ብቻውን ተቀምጦ «ውድመት» የሚል ቃል የተጻፈበት ካርድ መሳብ ለሁሉም ሰው አይሆንም። የመጨረሻው ዋጋ ነው፤ እሱ ቀላሉ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር በርትራም ፎረር በ1949 ባሳተመው ሙከራ ለተማሪዎቹ «የየግላችሁ ባሕርይ ትንታኔ ነው» ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጣቸው። ተማሪዎቹ ትክክለኛነቱን ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ጽሑፉን የለቃቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ለማንም የሚሆን አነጋገር ለኔ ብቻ የተነገረ ይመስላል ማለት ነው። ስለዚህ የካርድ ትርጉም ስታነቡ ይህን ጠይቁ፦ ይህ ዓረፍተ ነገር በሌላ ካርድ ላይ ቢጻፍ ያስኬዳል? ካስኬደ ጣሉት። «ለውጥ እየመጣ ነው» የሚል ትርጉም ለፍቅርም፣ ለሥራም፣ ለዝናብም ይሆናል።

የስሚዝ ታሮት (ሳጥኑ ላይ «ራይደር» የሚለው)

በታኅሣሥ 1909 ለንደን ላይ ወጣ። አሳታሚው ራይደር፣ አሳቢው አርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሠዓሊዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ሁለቱም «ወርቃማው ንጋት» በተባለ ምስጢራዊ ማኅበር ውስጥ ነበሩ። ስሚዝ ሰማንያ ያህል ሥዕል በጥቂት ወራት ሠራች። ክፍያው ትንሽ እንደነበር ራሷ በደብዳቤ ጽፋለች። ስሟም ለረጅም ጊዜ ከሳጥኑ ላይ ቀርቶ ነበር። እኔ እሷን ላለመርሳት የስሚዝ ታሮት እለዋለሁ።

ትልቁ ነገሯ፣ 56ቱን ታናናሽ ካርዶች ከጥቂቶቹ በቀር ሰው ያለበት ትዕይንት አደረገቻቸው። ስምንት ዋንጫን እንየው። ሌሊት ነው። ከላይ ጨረቃ ቁልቁል ታያለች። ከፊት አምስት ዋንጫ ከታች፣ ሦስት ዋንጫ ከላይ ተደርድረዋል። የላይኛው ረድፍ ላይ ክፍተት አለ፤ አንድ ዋንጫ የጎደለ ይመስላል። ሰውየው በትሩን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶናል። ዋንጫዎቹ አልተሰበሩም፤ አንዱም አልፈሰሰም። ማንም አላባረረውም።

አሁን ይህንን ሥዕል ከጉዳይ ወደ ጉዳይ እናዙረው።

ፍቅር። ሰው ቶሎ ብሎ «ሊተወኝ ነው» ይላል። ሥዕሉ ግን ስለ ክህደት አያወራም። ስለዚያ ክፍተት ነው የሚያወራው። ቤቱ ሞልቶ አንድ ነገር ጎድሏል። ጥሩው ጥያቄ «ማን ሊሄድ ነው?» አይደለም፤ «የጎደለችው ዘጠነኛዋ ዋንጫ ምንድን ናት?» ነው። አብሮ መሳቅ ሊሆን ይችላል። ልጅ ሊሆን ይችላል። ብቻውን የሚሆንበት አንድ ሰዓት የፈለገ ባልም አውቃለሁ።

ሥራ። ካርዱ ቤቱ የገባው እዚህ ነው። የተባረረ ሰው አይደለም፤ ደመወዙ እየገባ፣ ወንበሩ ሳይነካ፣ ልቡ ግን የወጣ ሰው ነው። ልብ በሉ፣ ሰውየው የሚሄደው በሌሊት ነው። ላለቃው አልነገረም ማለት ነው። «ለማን ሳልነግር ወስኛለሁ?» የሚል ጥያቄ ከዚህ ይወጣል። እኔ ራሴን በዚህ ጥያቄ ያገኘሁት ጊዜ አለ።

ገንዘብ። እዚህ ሥዕሉ ትንሽ ይደክማል። ዋንጫ የልብ ምድብ ነው፤ ገንዘብ ላይ እንግዳ ነው። ቢሆንም ይናገራል። ያልከሰረ ነገር መተው አለ። ለምሳሌ የማይጎዳ፣ ግን የማያድግ ሱቅ። ወይም ዕጣው ገና ያልደረሰውን እቁብ ማቋረጥ። ካርዱ «ከሰርክ» አይልም፤ «እዚህ ያስቀመጥከው ከዚህ በላይ አይሞላም ብለህ ታስባለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ጤና። አትጠይቁ። ይህን ለሦስቱም ታሮቶች አንድ ጊዜ ልናገረውና ይለፍ፦ ያመመው ሰው ካርድ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። ቢበዛ ቢበዛ «የትኛውን ልማድ ልተው?» ለሚል ጥያቄ ይሆናል።

የዚህ ታሮት ድካም ከጥንካሬው ይመጣል። ሥዕሉ ቶሎ ይናገራል፣ ሰውም ቶሎ ያምነዋል። «ካርዱ ሂድ አለኝ» ብሎ ወደ ውሳኔ መሮጥ ቀላል ነው። የሚገርመው ዌይት ራሱ ስለዚህ ካርድ ሲጽፍ፣ ላይ ላዩን ግልጽ ቢመስልም ፍጹም ተቃራኒ ንባቦች እንዳሉ አስፍሯል፦ ደስታ መስጠት፣ ገርነት፣ ትሕትና። የሥዕሉ ባለቤት ይህን ካለ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ሁለት መስመር ትርጉም የመጨረሻ ቃል ሊሆን አይችልም።

የቶት ታሮት

የዚያው የ«ወርቃማው ንጋት» አባል የነበረው እንግሊዛዊ አሌስተር ክሮውሊ አሰበው፣ ፍሪዳ ሃሪስ ከ1938 እስከ 1943 ሣለችው። ካርዱ ታትሞ ገበያ ላይ የወጣው በ1969 ነው። ያኔ ሁለቱም ሞተዋል። ውበቱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ከሦስቱ በሥዕል ጥበብ እሱ ይበልጣል።

እዚህ በአብዛኞቹ ታናናሽ ካርዶች ግርጌ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ታትሟል። ስምንት ዋንጫ ላይ የታተመው «ስንፍና» የሚል ነው። ሥዕሉም ያንኑ ይላል። ውሃው የጨለመ፣ አበቦቹ የጠወለጉ፣ ዋንጫዎቹ ያረጁ። ከላይ ያሉት ባዶ ናቸው። የሚሄድ ሰው የለም። ለመሄድም አቅም ያለው አይመስልም።

ለምን እንዲህ ተለያዩ? ሁለቱም የወጡት ከአንድ ምንጭ ነው። «ወርቃማው ንጋት» ይህንን ካርድ «የተተወ ስኬት» ብሎት ነበር፤ ከኮከብም ዙሐል (ሳተርን) በሑት (በዓሣ፣ በውሃው ኮከብ) ብሎ መድቦለታል። ስሚዝ «የተተወ» የሚለውን ቃል ይዛ ሰውየውን አስነሥታ አስኬደችው። ቶት ደግሞ ከባዱን ዙሐልን ውሃ ውስጥ ከተተውና ውሃው ቆመ። አንዱ ስንብት ሆነ፣ ሌላው ኩሬ።

በፍቅር ጥያቄ ላይ የቶት ስምንት ዋንጫ ማለት ማንም የማይሄድበት፣ ማንም የማይመጣበት ቤት ነው። እራት ይበላል፣ ቴሌቪዥን ይታያል፣ ይተኛል። በሥራ ጥያቄ ላይ ከስሚዝ ይልቅ ጨካኝና አንዳንዴም እውነተኛ ነው። «ልልቀቅ ወይ?» አይደለም ጉዳዩ፤ «ድካምህ ከሥራው ነው ወይስ ካንተ?» ነው። የደከመው ሰው ቢለቅም ድካሙን ይዞት ይሄዳል። በገንዘብ፣ የተቀመጠ፣ ያልተነካ፣ ዋጋው በየወሩ የሚቀንስ ብር ነው።

ይህንን ታሮት የምፈራው በተጻፈው ቃል ምክንያት ነው። ቃሉ ሥዕሉን ይቀድማል። አስር ሰይፍ ላይ «ውድመት»፣ አምስት ሳንቲም ላይ «ጭንቀት» ተጽፏል። ልቡ ላዘነ፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ስጦታ አድርጋችሁ እንዳትሰጡ። ደግሞ ኮከቡን፣ የዕብራይስጥ ፊደሉንና ምልክቱን ሳታውቁ ግማሹ ይዘጋባችኋል። የካርድ ስሞችም ተቀይረዋል፤ «ብርታት» የሚባለው «ምኞት» ሆኗል፣ «ፍትሕ» ደግሞ «ማስተካከል»። በዚህ ታሮት የሌላ መጽሐፍ ትርጉም መጠቀም የጓደኛዬን ስህተት መድገም ነው።

የማርሴይ ታሮት

ከሦስቱ አሮጌው ነው። የፓሪሱ ዣን ኖብሌ በ1650 አካባቢ ያተመው እስከ ዛሬ አለ። ብዙዎቹ ዘመናዊ እትሞች የሚነሡት ማርሴይ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከኒኮላ ኮንቬር ነው፤ የሱ ላይ ያለው ዓመት 1760 ነው።

ታናናሾቹ ላይ ትዕይንት የለም። ስምንት ዋንጫ ማለት ስምንት ዋንጫና ቅጠል ነው፣ በቃ። ታዲያ እንዴት ይነበባል? በስሌት። ቁጥሩን ከምድቡ ጋር ታጣምራላችሁ። ዋንጫ ልብ ነው፤ ስምንት በብዙ የዛሬ አንባቢዎች ዘንድ ምሉዕነትና ሚዛን ነው። ተጣምረው ልብ ሞላ።

ይህ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ስኒ ገልብጣ የምታነብ ሴት የቡናውን አተላ አይታ «መንገድ አያለሁ፣ ወፍ አያለሁ» ትላለች። የስሚዝ ታሮት እንደሷ ነው፤ ያየኸውን ተናገር ነው። አውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ ግን ሥዕል አይፈልግም፤ የስምህንና የእናትህን ስም ፊደል በቁጥር ደምሮ ነው የሚነሣው። ማርሴይ የዚህኛው ዘመድ ነው። እናንተ የትኛው ዓይነት ሰው እንደሆናችሁ ካወቃችሁ ግማሹን ምርጫ ጨርሳችኋል።

ጥቅሙ ደግሞ የሚታየው ከጉዳይ ወደ ጉዳይ ስትዞሩ ነው። የሚያስፈራ ፊት ስለሌለው የትኛውም ጥያቄ ላይ በእኩል ይቆማል። በፍቅር ላይ «ሞልቷል» ይላል፤ ከዚያ እናንተ «የሞላ ዋንጫ ሌላ ይጨመርበታል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በገንዘብ ላይ «ይበቃል» ማለት ነው። «ለመሆኑ የሚበቃኝ ስንት ነው?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ይህንን ካርድ ሲስብ ያፍጥጥበት።

በሥራ ጥያቄስ? ጓደኛዬን «ይሄ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሞላልሽ ምንድን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ የሥራ ባልደረቦቿን ስም መቁጠር ጀመረች። ስለ ሥራው አንድ ቃል አልተናገረችም። «ልቀቂ» የሚለው የስልኳ ትርጉም ይህንን አያወጣውም ነበር።

ችግሩ፣ ጀማሪ ይሰለቸዋል። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ካርድ አንድ ይመስላል። በተለይ ሰይፍና በትር ያምታታሉ፤ ቀስ ብላችሁ እዩ፣ የጎበጠው ሰይፍ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚሻገረው በትር ነው። ሌላው፣ የቁጥሮቹ ትርጉም ላይ አንባቢዎች አይስማሙም። አንድ ሥርዓት መርጣችሁ ጽኑ፤ ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው ከወሰዳችሁ ካርዱ የምትፈልጉትን ብቻ ይነግራችኋል።

ተገልብጦ የወጣ ካርድስ? ይህም እንደ ታሮቱ ነው። በስሚዝ ብዙ ሰው የተገለበጠውን ለብቻ ያነባል። በማርሴይ ብዙዎቹ ታናናሾች ከላይም ከታችም አንድ ስለሚመስሉ መገልበጣቸው ራሱ በቅጡ አይለይም። በቶት ልማድ ከመገልበጥ ይልቅ ጎረቤት ካርዶቹን ማየት ይበዛል። ለጀማሪ ምክሬ፣ ሁሉንም ቀጥ አድርጋችሁ አንብቡ።

የገንዘብ ጥያቄ፦ አንድ ተጨማሪ ፈተና

ዋንጫ በገንዘብ ላይ እንግዳ ነው ስላልኩ ለፍትሕ ያህል ከሳንቲም ምድብ አንድ ልውሰድ፦ አምስት ሳንቲም። የስሚዝ ላይ ሁለት የተጎሳቆሉ ሰዎች በበረዶ ውስጥ ይሄዳሉ፤ አንዱ በምርኩዝ ነው። ከበላያቸው ብርሃን ያለበት የቤተ ክርስቲያን የሚመስል መስኮት አለ። ቀና ብለው አያዩትም። «ማጣት» ብቻ ብሎ ማለፍ ይህንን መስኮት መርሳት ነው። «ልጠይቀው የምችለው፣ ግን ያፈርኩት ሰው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ከመስኮቱ ነው የሚወጣው። ብድር ለመጠየቅ ስልክ አንሥቶ መልሶ ያስቀመጠ ሁሉ ይገባዋል።

ቶት ላይ ቃሉ «ጭንቀት» ነው። ማጣት ሳይሆን ስለ ማጣት ማሰብ። ይህ ልዩነት ለአንዳንድ ሰው ወርቅ ነው፤ ብሩ አለ፣ እንቅልፉ ግን የለም። ማርሴይ ላይ አራት ሳንቲም በማዕዘን፣ አንዱ መሐል ናቸው። ለጀማሪ ብዙም አይናገርም።

በገንዘብ ላይ እንግዲህ ስሚዝ ያሸንፋል።

ባጭሩ ሲታይ

| መመዘኛ | የስሚዝ (ራይደር) | የቶት | የማርሴይ |
|---|---|---|---|
| የታናናሾቹ ሥዕል | ሰው ያለበት ትዕይንት | ቀለም፣ ምልክትና የታተመ ቃል | ቁጥርና ምድብ ብቻ |
| ስምንት ዋንጫ | ትቶ መሄድ | መዛል፣ የቆመ ውሃ | የሞላ ልብ |
| ለፍቅር ጥያቄ | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ግን ይከብዳል | ጥሩ |
| ለሥራ ጥያቄ | በጣም ጥሩ | ለዛለ ሰው በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ፣ ከተለማመዱት |
| ለገንዘብ ጥያቄ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ |
| ለጤና ጥያቄ | አይሆንም | አይሆንም | አይሆንም |
| ለመማር | ቀላል፣ መማሪያው ብዙ | ከባድ | መጀመሪያው ከባድ፣ ኋላ ቀላል |
| የማስፈራራት አደጋ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| በነጻ ማግኘት | ይቻላል | አይቻልም | ይቻላል |

ለማን የትኛው?

ብር ማውጣት ለማይፈልግ። የስሚዝ የ1909 ሥዕሎች በአሜሪካ ከቅጂ መብት ነጻ ናቸው። እሷ የሞተችው በ1951 ስለሆነ፣ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረትም ነጻ ሆነዋል። 78ቱንም ከኢንተርኔት አውርዶ ጠንካራ ወረቀት ላይ ማተሚያ ቤት ማሳተም ይቻላል። ጥንታዊ የማርሴይ ካርዶችንም የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል አስቀምጧቸዋል። የቶት ሥዕሎች ግን ገና መብታቸው የተጠበቀ ነው።

ለፍቅር ጉዳይ ብቻ ለምትፈልጉ፣ ስሚዝ ይበቃል። ሌላ አትጨነቁ።

ሥራ ወይም የኑሮ ውሳኔ ላይ ለቆመ ሰው እንደ ጠባዩ ነው። ችኩል ከሆናችሁ ማርሴይ ይሻላችኋል፣ ሥዕሉ ስለማይገፋፋችሁ። መወሰን የሚያቅታችሁ ከሆናችሁ ስሚዝን ያዙ፤ ያ ቀይ ካባ የለበሰ ሰው ቢያንስ እግር አለው። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ማጥናት ለሚወድ፣ ኮከብ ቆጠራም ለሚያውቅ ሰው ቶትን እመክራለሁ። ለመጀመሪያ ታሮት ግን አይሆንም።

ጓደኞቹን ሰብስቦ እየተጫወተ ለማንበብ ለሚያስብ፣ ያለጥርጥር ስሚዝ። ቡና ላይ የተቀመጠች አክስት ሳይቀር አይታ የምትለው ነገር አይጠፋትም። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ትርጉሙን ሳትናገሩ «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?» በሏት።

ሁለት ታሮት መግዛት ለሚችል፣ ስሚዝና ማርሴይን ያጣምር። አንዱ ዓይን ነው፣ ሌላው ሒሳብ። አንድ ካርድ ከስሚዝ ስባችሁ ያንኑ ካርድ ከማርሴይ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የማይስማሙበት ቦታ ላይ ጥሩ ጥያቄ ይገኛል።

ስለ ዋጋ። መደበኛ እትሞች አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ዶላር አካባቢ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ በዘመድ ነው የሚያስመጣው። በጣም ረክሶ ስታዩት ጠርጥሩ፤ የተቀዳ እትም ሞልቷል። ወረቀቱ ሳሳ ያለ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ መመሪያ ቡክሌቱ የቀረ ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ገዝቼ ሁለት ሰባት ሰይፍ አግኝቻለሁ፤ ስድስት ሰይፍ የሚባለው ካርድ ጠፍቷል። የስሚዝ መደበኛ መጠን 7 በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ትንሽ እጅ ላለው ሰው ለመበወዝ ያስቸግራል፣ የኪስ መጠን ያለውን ፈልጉ።

እና ቶትን ከፍታችሁ 78 ሳይሆን 80 ካርድ ብታገኙ ሻጩን አትጥሩ። በአንዳንድ እትሞች ውስጥ የጠንቋዩ ካርድ በሦስት የተለያየ ሥዕል ገብቷል። ሃሪስ ደጋግማ ሣለችው፣ አሳታሚው ሦስቱንም ጨመራቸው። የምትወዱትን አስቀሩና ሁለቱን የመጽሐፍ ምልክት አድርጓቸው።